መኪና ወዳድ ማለት መኪና ያለው ሰው ነው እንዴ?

"የመኪና ነገር አይሆንልኝም" የሚል ሰው ሲያጋጥመን ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው ያው ነው፣ "ምን ትነዳለህ?" ከዛ በመልሱ እንመዝነዋለን። ትልቅ ስም ከጠራ "ይሄማ ያውቃል" እንላለን፣ "መኪና እንኳን የለኝም" ካለ ደግሞ በሆዳችን እንስቃለን። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዛ ነበርኩ፣ አልዋሽም። ግን ቆም ብላችሁ ስታስቡት ውድ መኪና መያዝ የሚያሳየው ሰውየው ለመኪና የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ነው፣ በቃ። ሳሎኑ ውስጥ ፒያኖ ያቆመ ሁሉ ሙዚቀኛ አይባልም አይደል።

ሌላም ዓይነት አለ፣ ቁጥር ሸምዳጁ። ይሄኛው የየትኛውንም መኪና ፈረስ ጉልበት፣ ከዜሮ መቶ በስንት ሰከንድ እንደምትገባ፣ የመጨረሻ ፍጥነቷን፣ ምናምኑን ሁሉ እንደ ዳዊት ይደግምልሃል። ግን "እሺ፣ ሁለት መኪኖች የፈረስ ጉልበታቸው እኩል ሆኖ ለምንድነው አንዷ ዳገት ላይ የምታቃስተው፣ ሌላዋ ደግሞ ምንም የማይመስላት?" ብትለው ጸጥ። ቁጥር ማወቅን እየነቀፍኩ አይደለም፣ እኔ ራሴ ጭንቅላቴ ውስጥ ለምንም የማይሆን ቁጥር ሞልቷል፣ ግን ቁጥሩ ጥያቄ ካላስነሳብህ የስልክ ማውጫ እንደመሸምደድ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ መኪና ወዳዱን ከሌላው የሚለየው "ለምን" የምትለዋ ነገር ማሳከኳ ነው። መኪናዋ የሆነ ድምፅ ስታሰማ፣ መሪው ትንሽ ሲከብድ፣ ያቺ መኪና ኩርባ ላይ ጸጥ ብላ ስትዞር ይቺኛዋ ስትወላገድ፣ ሌላው ሰው ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ሲያልፍ እሱ እስኪገባው ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም። ይሄ በባዶ ሲወራ ቀላል ስለሚመስል እስቲ በምሳሌ እንየው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የመጀመሪያዋ መኪና ወዳድ ማን ናት ብትሉኝ ቤርታ ቤንዝ እላለሁ። ባሏ ጀርመናዊው መኪና ሠሪ ካርል ቤንዝ ባለ ሦስት ጎማ መኪናውን በ1886 ፓተንት አስወጣባት፣ ግን ሰው ገና አላመናትም፣ ገዢም አጣች። በ1888 ክረምት ላይ ቤርታ ለባሏ ትንፍሽ ሳትል ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርዝሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪናዋ ሄደች። ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ዊስሎክ የምትባል ቦታ ፋርማሲ ገብታ ሊግሮይን የሚባል እንደ ቤንዚን ያለ ማጽጃ ገዝታ ነው የሞላችው። የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ወጋ ወጋ አድርጋ ከፈተችው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሲላጥ የካልሲዋን ማሰሪያ አውልቃ ጠቀለለችበት፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲደክም ተወርዶ ተገፋ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የእንጨት ፍሬኑ እየተበላ ሲያስቸግራት ጫማ ሰፊ ጋ ሄዳ ቆዳ አስመታችበት። ያ ቆዳ ዛሬ የፍሬን ሸራ የምንለው ነገር ቅድመ አያት ነው። ተመልሳ ስትገባም ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ እንደሚያስፈልግ ለባሏ ነገረችው።

አያችሁ፣ ያን ያህል መንገድ ሄዳ ይዛ የተመለሰችው "ፈጣን ናት፣ ታምራለች" የሚል ወሬ አይደለም፣ መኪናዋ የት የት እንደሚያማት አውቃ ነው የመጣችው። እኔን የሚገርመኝ ፍሬኑ ነው፣ እንጨት ሲበላ ብዙ ሰው "ተበላ" ብሎ ሌላ እንጨት ይቀይራል፣ እሷ ግን የሚበላውን ነገር ነጥሎ ማልበስ እንደሚቻል ታያት።

ወደ ዳገቱ ጥያቄ እንመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚምታታው እዚህ ጋ ነው። ሞተር ከሁለት አቅጣጫ ነው የሚለካው። አንዱ ቶርክ ነው፣ የመጠምዘዝ ጉልበት ማለት ነው፣ የዛገ ብሎን በመፍቻ ስትፈታ እጅህ ላይ የምታውቀው ግፊት፣ መፍቻው በረዘመ ቁጥር ያው እጅህ የበለጠ ቶርክ ያወጣል። ፈረስ ጉልበት ደግሞ ያንን ጥምዘዛ በምን ያህል ፍጥነት ትደጋግመዋለህ የሚለውን አብሮ ይቆጥራል። ሂሳቡ አያስፈራም፣ ቶርኩን በኒውተን ሜትር ያዝ፣ ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው ዙር አባዛው፣ ለ7,000 ገደማ አካፍለው፣ ፈረስ ጉልበቱ ቁጭ ይልልሃል። 200 ኒውተን ሜትር በ3,500 ዙር ላይ 100 ፈረስ ነው። ያው 200 ኒውተን ሜትር ሳይደክም 7,000 ዙር ከደረሰ ደግሞ 200 ፈረስ ሆነ። ግፊቱ ምንም አልጨመረም፣ ድግግሞሹ ነው የጨመረው።

ይሄ ከገባህ በኋላ ብዙ ነገር ራሱ ይፈታል። በ1999 የወጣችው ሆንዳ ኤስ2000 ከሁለት ሊትር ሞተር ያለ ምንም ቱርቦ (ሞተሩ ውስጥ አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) 240 ፈረስ ነበር የምታወጣው፣ ቶርኳ ግን 208 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ይሄ ደግሞ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ያ ሁሉ ፈረስ የሚገኘው 8,000 ዙር ካለፈ በኋላ ነው፣ ከታች ከታች ስትነዳት እንደ ማንኛዋም የቤት መኪና ናት። ባለ ቱርቦ የናፍጣ ፒክአፕ ደግሞ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ 400 ኒውተን ሜትር ሊሰጥህ ይችላል፣ ለዛ ነው ጭነት ይዛ ዳገቱን ምንም ሳይመስላት የምትወጣው። ኤስ2000ዋን በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ብትረግጥላት ታዝንብሃለች፣ ሁለተኛ አስገብተህ ዙሩን ካስነሳህ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ሁለቱንም መኪና ባይነዳም ይሄን የሚያውቅ ሰው አለ፣ ኤስ2000 ገዝቶ "ሰዎቹ ዋሽተውኛል፣ ጉልበት የላትም" የሚል ሰውም አለ። ማንኛው ነው መኪና ወዳዱ?

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ክብደት ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። መኪና አንድ ቶን ትመዝን ሁለት ቶን መሬቱን የምትነካው በአራት ጎማ ነው፣ እያንዳንዱ ጎማ ደግሞ አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ ከመዳፍህ ብዙም አይበልጥም። መሮጥም፣ መቆምም፣ መዞርም በዛች አራት መዳፍ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቷ ወደ ፊት ይደፋል፣ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ጨምድደው ይይዛሉ፣ የኋላዎቹ ይቀላሉ። ነዳጅ ስትሰጥ ደግሞ ተቃራኒው። ጎበዝ ሹፌር እጁ ላይ መሪ ይዟል እንጂ እውነቱን ለመናገር የሚነዳው ክብደቱን ነው፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ፍሬኑን ይጨርስና ክብደቱን ከፊት አድርጎ ይገባል፣ ሲወጣ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ያንገቱን ብቻ ቢያዳምጥ ያውቀዋል፣ አንገትህ ካልተወዛወዘ ጥሩ ሹፌር ጋ ነህ።

ፖርሼ 911ን እዩ። በ1963 ስትታይ ስሟ 901 ነበር፣ ፔጆ መሃሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አሃዝ ስም የኔ ነው ብሎ ስለተቃወመ 911 ሆነች። ሞተሯ ያለው ከኋላ ጎማዎቹም ወዲያ ነው፣ ስለዚህ ጅራቷ ከባድ ነው። የድሮዎቹን እየነዳህ ኩርባ መሃል ደንግጠህ ነዳጁን ድንገት ከለቀቅክ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ የኋላ ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ ያ ከባድ ሞተር ደግሞ ቀጥ ብሎ መሄዱን ይፈልጋል፣ ከዛ ጅራቷ ቀድማህ ትመጣለች። ምሕንድስናው ሲታይ የተሳሳተ ቦታ ነው ሊባል ይችላል፣ ሰዎቹ ግን ሞተሩን አናነሳም ብለው ከ60 ዓመት በላይ ያቺኑ ሐሳብ ሲያርሙ ሲያቃኑ ኖሩ፣ ዛሬ ያ ከኋላ ያለ ክብደት ከቆመችበት ስትነሳ ጎማዋን መሬት ላይ የሚሰፋላት ጥቅም ሆኗል። እኔ ፖርሼ ነድቼ አላውቅም፣ ግን ይሄን ግትርነት በጣም ነው የምወደው።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ናት፣ ብዙ ሰው ሚያታ ይላታል። በ1989 ስትወጣ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ወደ 115 ፈረስ፣ ሁለት ወንበር፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች። ቁጥር ሸምዳጁ ይስቅባታል። ሠሪዎቿ ይዘው የተነሱት ጂንባ ኢታይ የሚባል የጃፓን አባባል ነበር፣ ፈረስና ጋላቢው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው፣ ለኛ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2016 የተሠሩት ቁጥር አንድ ሚሊዮን አለፈ። ቀላል መኪና ፍሬኑም ትንሽ ይበቃዋል፣ ጎማውም ጠባብ ይበቃዋል፣ ኩርባ ላይ የሚያስቸግር ክብደትም የለውም፣ አንዱን ስትቀንስ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይቀንሳል። ከባድ መኪና ላይ ፈረስ ጉልበት መጨመር ግን ትልቅ ፍሬን፣ ትልቅ ፍሬን ትልቅ ቸርኬ፣ ትልቅ ቸርኬ ተጨማሪ ክብደት እያለ ማለቂያ የለውም።

አሁን ወደ ጆሮ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር የገባኝ በጆሮዬ ነው። የሆነ ጊዜ የምነዳት አሮጌ መኪና ከ60 በላይ ስትሄድ "ሁውውው" የሚል ድምፅ ጀመራት። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ጎማ ነው አሉኝ፣ ሁለት አዲስ ጎማ አስገባሁ፣ ድምፁ እንዳለ አለ። አንድ ቀን የጓደኛዬን አባት ላደርሳቸው ከጎኔ ተቀምጠዋል፣ ትንሽ እንደሄድን፣

"አንተ ልጅ፣ ሬዲዮውን ዝጋው እስቲ።"

ዘጋሁት።

"መንገዱ ባዶ ነው አይደል? ቀስ ብለህ ወደ ግራ አዘንብላት።"

አዘነበልኳት፣ ድምፁ ጨመረ። ወደ ቀኝ አሉኝ፣ ጭራሽ ጠፋ።

"የቀኝ ኩሽኔታ ነው፣ የፊቱ፣ እግሬ ሥር ይሰማኛል።"

"እንዴት አወቁ ጋሼ?"

"ወደ ግራ ስትዞር እኔ ወዴት ተገፋሁ?"

"ወደ በሩ።"

"እሷም ክብደቷን ቀኝ ላይ ጣለችው። የታመመ እግር ላይ ስትቆም አይደል የሚያምህ?"

ኩሽኔታው (ጎማው እንደልቡ እንዲሽከረከር የሚይዘው የብረት ቀለበት) ሲፈታ ውስጡ ተልጦ ነበር። ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ ያላገኘሁትን መልስ እሳቸው በሁለት ኩርባ አገኙት፣ ያውም ቅድም ያወራናትን ያቺኑ የክብደት ነገር ይዘው፣ ማሽን የለ ኮምፒውተር የለ። ከዛ ቀን በኋላ እኔም በየጊዜው ሬዲዮ ዘግቼ እነዳለሁ፣ ሰው ሲያየኝ የተጣላሁ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ መኪና ወዳድ ብዙ መልክ አለው። እጁ ግራሶ ካልነካ የማያርፍ አለ፣ ማንም በማያይበት መንገድ ማርሽ ሲያስገባ እንዳይሰማ የሚጠነቀቅ አለ፣ ታሪኩን ብቻ የሚወድም አለ። ፈጣን መኪና መውደድ ግዴታም አይደለም። ፎልክስዋገን ቢትል ዘገምተኛ ናት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተርም የላት፣ ራዲያተር ከሌለ ውሃም የለ፣ ቱቦም የለ፣ ሊፈስ የሚችለው ነገር ቀነሰ ማለት ነው። የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከመስመር እስክትወርድ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ቢትል ወዳጆች ቀርፋፋነቷ ጠፍቷቸው እንዳይመስላችሁ፣ የወደዱት አለመወሳሰቧን ነው።

መኪና ስለማስጌጥ ትንሽ ልናገር፣ እዚህ ጋ እንኳን አልታገስም። ማርሚታውን ቆርጦ ሰፈሩን በሙሉ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ቁልቁል አስተኝቷት በየጉብታው ሆዷን የሚያስፍቅ፣ ከዛ የፍሬን ዘይቷን ከገዛት ጀምሮ ያልቀየረ ሰው አለ። የፍሬን ዘይት እኮ ውሃ ይስባል፣ ከአየሩ ላይ እርጥበት እየወሰደ ከርሞ ውስጡ ውሃ ይጠራቀማል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ የሚጠይቀው 155 ዲግሪን ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ ዘይት ይፈላል፣ ሲፈላ ጋዝ ይሆናል፣ ጋዝ ደግሞ ስትጨምቀው ይጨመቃል፣ ስለዚህ ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ እግርህ ይወርዳል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። በሁለት ዓመት አንዴ ማስቀየር በቂ ነው። ዘይቱን ሳያስቀይር ማርሚታ የቀየረን ሰው መኪና ወዳድ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፣ ድምፅ ወዳድ ይባል። ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ እሽቅድምድም የሚገጥመውን ደግሞ ምን ልበለው፣ ክብደትና አራት መዳፍ ያልነው ነገር የገባው ሰው ያን አያደርግም።

ማኑዋል ካልነዳህ መኪና አትወድም የሚለው ክርክርም አለ። እኔ ማኑዋል ነው የምወደው። ማርሽ ስትቀንስ የሞተሩ ዙርና የጎማው ፍጥነት ስለማይገጥሙ ፍሪሲዮኑን ዝም ብለህ ብትለቅ መኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ በመሃል ነዳጁን ቸብ አድርገህ ዙሩን አንስተህ ከለቀቅክ ግን እንደ ቅቤ ትገባለች፣ ያቺ ደስታ በአውቶማቲክ አትገኝም። ግን ያንን ደስታ ስለማውቅ አውቶማቲክ የሚነዳው ሰው ምንም አይገባውም ማለት ጉራ ነው፣ ጉልበቱ ወይ ወገቡ ስለሚያመው የሚነዳም አለ።

የኤሌክትሪኩ ክርክር የባሰ ነው። "ድምፅ የሌለው ነገር መኪና አይደለም፣ ትልቅ ሞባይል ነው" የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ግን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠችው የመጀመሪያዋ መኪና የኤሌክትሪክ እንደነበረች ሲሰሙ ይደነግጣሉ። በ1899 ካሚ ዠናትዚ የሚባል ቤልጅየማዊ እንደ ጥይት የተሾለች ላ ዣሜ ኮንታንት የምትባል መኪና ላይ ተቀምጦ 105.88 ደረሰ። ስሟ ራሱ "መቼም የማትረካ" ማለት ነው፣ ከዚህ በላይ የመኪና ወዳድ ስም ከየት ይመጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ቶርኩን ከዜሮ ዙር ጀምሮ ስለሚሰጥ ቅድም ያልነው የማርሽና የዙር ጭቅጭቅ ከሥሩ ነው የሚነቀለው፣ ባትሪው ወለል ላይ ስለሚተኛም ክብደቷ ወደ መሬት ይወርዳል። ችግሩ ያው ክብደት ነው፣ ባትሪው ብቻውን ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል፣ ጎማዋም ፍሬኗም ያንን ይሸከማሉ። እኔ የሞተር ድምፅ ይናፍቀኛል፣ ግን "ይናፍቀኛል" እና "መኪና አይደለም" አንድ አይደሉም።

ጋሼን ያን ቀን ሳደርሳቸው መንዳት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋቸው ነበር፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ መኪናቸውንም ሸጠዋታል። ኩሽኔታውን ካስቀየርኩ በኋላ ላሳያቸው በር ላይ አቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ጠራኋቸው። ወጡ፣ ሰላምታዬን እንኳን በወጉ ሳይመልሱ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

"ድምፁስ ጠፋ?" አሉኝ።

"ጠፋ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"ጥሩ። ግን ቆማ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን የጎማ ትራሶች አሳይተሃል?"

አላሳየሁም ነበር።